ከሠላሳ አንደኛው ገጽ ጀምሮ ያለው እጅ

ጥሩነሽ እባላለሁ። ተወልጄ ያረጀሁት ቡታጅራ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርኩና ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከዚያው ወንበር አልተነሣሁም። ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። የምኮራበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ የእጅ ጽሑፍ አውቃለሁ። የመምህሩንም የተማሪውንም ጽሑፍ አንድ ጊዜ ካየሁ አልረሳም። ዳይሬክተሮች ስም የሌለው የክስ ደብዳቤ ሲደርሳቸው በሩን ዘግተው ያስጠሩኝ ነበር። አየት አድርጌ “የእገሌ ነው” ወይም “አይደለም” እላለሁ። “ይመስላል” ብዬ አላውቅም።

ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት ኤርሚያስ የሚባል ወጣት መምህር ከጉብሬ ድረስ መጥቶ በሬን አንኳኳ። የአካባቢውን ዜማ የሚያጠና ልጅ ነው። በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም ዶሴ ይዟል። የእጅ ጽሑፍ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው ብለው የቀድሞ መምህራን እንደላኩት ነገረኝ። ደስ አለኝ። ጡረተኛ ሙያው ሲታወስለት ደስ ይለዋል።

ዶሴው የመምህር ሰይፉ ነበር። የዛሬው ቡታጅራ መምህር ሰይፉን አያውቃቸውም። ባሕር ማዶ ሙዚቃ ተምረው የመጡ፣ በእኛ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ያቋቋሙ፣ ስድስት ቫዮሊንና ቼሎ የሚባለውን ድምፀ ወፍራም ትልቅ ቫዮሊን በጭነት መኪና ያስመጡ ሰው ናቸው። ለባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ የሚሆን አንድ ረጅም ድርሰት ጀምረው ሳይጨርሱት ሞቱ ሲባል እሰማ ነበር። ወረቀቱን ግን ያየ ሰው አልነበረም። የእህታቸው ልጅ አዲስ አበባ ከአንድ ሣጥን ውስጥ አግኝቶ ለኤርሚያስ ሰጠው። ተጫዋቾች ከአዲስ አበባ መጥተው ቅዳሜ ወልቂጤ አዳራሽ ሊጫወቱት ተዘጋጅተዋል።

ኤርሚያስን የቸገረው ይህ ነበር። እስከ ሠላሳኛው ገጽ ድረስ ያለው የመምህር ሰይፉ እጅ ነው፤ ቀጭን፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ የሚቸኩል። ከሠላሳ አንደኛው ገጽ ጀምሮ ግን ሌላ ሰው ነው የጻፈው። ኖታዎቹ ተለቅ ያሉ ናቸው። ወደ ታች የተሰመረው ወፍራም ነው፤ ወደ ጎን የተሰመረው ቀጭን። በኖታው ሥር አልፎ አልፎ በአማርኛ “ቀስ ተብሎ”፣ “እዚህ ይቆይ” የሚል ተጽፎበታል።

“የመምህርን የገለበጠ ሰው ይሆናል” አልኩት።

“እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ግን እማማ፣ የሚገለብጥ ሰው አይሰርዝም። ይኸውልዎት፣ ጽፎ ይሰርዛል፣ ሌላ ይሞክራል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ይህ ሰው እየፈለገ ነው። ከዚህ ገጽ የሚጀምረው ሦስተኛው ክፍል የራሱ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።”

ስለዚህ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ከመምህር ሰይፉ ስም ቀጥሎ ሁለተኛ ስም መግባት ነበረበት። ማተሚያ ቤቱ የሚጠብቀው እስከዚያው ቀን ማታ ነው። ካልተገኘ “ስሙ ያልታወቀ” ተብሎ ይታተማል።

መነጽሬን አደረግሁ። አንዱን ገጽ አይቼ ሳልጨርስ ዐወቅሁት። የነስሩ እጅ ነበር።

ነስሩ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በአገራችን እንጨት የሚሠሩ፣ በለቅሶ ላይ ረጃጅም የቀርከሃ መለከት የሚነፉ፣ የቤታችንን ምሰሶ የሚያቆሙልን ወገኖች አሉ። የምንጠራበትን ስም አልጽፈውም። የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ እንደ ስድብ ነው የምንጠራው። ምሰሶውን ያቆመው ሰው ቤቱ ካለቀ በኋላ ደፉን አያልፍም ነበር። የአባቴን ቤት ምሰሶ ያቆመው የነስሩ አባት ነው። ነስሩ ገና ልጅ ሆኖ እንጨት ያቀብለው ነበር። ምሳቸውን ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። ቆጮውን በኮባ ቅጠል አድርጌ አጥሩ ሥር አስቀመጥኩላቸው። ሰሐን ከሆነ ተመልሶ ቤት ይገባል፤ ቅጠል ግን ይጣላል።

ያ ልጅ ተምሮ አሥረኛ ክፍል ደረሰ። ከታናሽ ወንድሜ ከተፈራ ጋር አንድ ክፍል ነበሩ። ነስሩ ዘግይቶ የጀመረ ስለሆነ ዕድሜው ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ መጨረሻው ዴስክ ላይ ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ሊመዘገብ ሲመጣ አንዳንድ ወላጆች አጉረመረሙ። ዳይሬክተሩ በጽሑፍ አላዘዘኝም። ቢሮው ጠራኝና የዚያ ልጅ ፋይል ቢጠፋ ለሁላችንም ይሻላል አለኝ። ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ፋይሉ ጠፋ ተባለ። ነስሩ ጠፍጣፋ በሆነው በአናጢ እርሳስ አንድ ገጽ ሙሉ ልመና ጽፎ አመጣልኝ። አነበብኩት። ከፋይሉ ጋር አድርጌ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

በኋላ ያው ትምህርት ቤት ወንበር ጠጋኝ አድርጎ ቀጠረው። “ሦስት ዴስክ ተጠግኗል” እያለ በዚያው እርሳስ የሚጽፈውን ብጣሽ ወረቀት ለሃያ ዓመት ስቀበል ኖሬያለሁ። መምህር ሰይፉ በሕይወት ሳሉ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሁለቱ ዕቃ ቤት ውስጥ አብረው ይታዩ ነበር። ቫዮሊን የሚጠግንላቸው መስሎን ነበር።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ኤርሚያስ ዝምታዬን ሌላ ነገር አድርጎ ተረዳው።

“ሽማግሌዎቹ ሁሉ አንድ ስም ነው የሚነግሩኝ” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። “መምህር የሚወዱት ተማሪ ተፈራ ነበር ይላሉ። ወንድምዎ አይደሉም? የእሳቸው ይሆን?”

ተፈራ በሃያ ሦስት ዓመቱ ታሞ ሞቷል። እናቴ እስክትሞት ድረስ ልጄ ትልቅ ሰው ይሆን ነበር እያለች ኖራለች። የነስሩ ነው ብል ደግሞ የሚቀጥለው ጥያቄ ይታወቃል። ነስሩ ማነው? የት ድረስ ተማረ? ለምን አቋረጠ?

“ይመስላል” አልኩ።

ኤርሚያስ ተነሥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ከለከልኩት። ለማመሳከር የተፈራ ጽሑፍ ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ። ምንም አልቀረም አልኩት። በራስጌዬ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ አሥራ አንድ ደብዳቤዎቹ አሉ። ከደብዳቤ ይልቅ ፎቶግራፉን ሰጠሁት፤ ፕሮግራሙ ላይ እንዲወጣ።

ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ለእልፍነሽ ወሬው ደረሳት። ስልክ ላይ አለቀሰች። የእህትና የወንድም ልጆች ሚኒባስ ተኮናትረው ቅዳሜ ወልቂጤ ሊገቡ ተስማሙ። ጎረቤት “እንኳን ደስ አለሽ” ሊለኝ መጣ። እኔ የተናገርኩት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ የቀረውን ሌሎች ጨረሱልኝ።

ዓርብ ጠዋት ኤርሚያስ ደወለ። ደስ ብሎታል። ጽሑፉን በማጉያ መነጽር ሲያየው እርሳሱ ክብ እንዳልሆነ አስተውሏል። “የአናጢ እርሳስ ነው፣ እማማ። ተፈራ በአናጢ እርሳስ ይጽፉ ነበር እንዴ? ቅዳሜ መግቢያ ላይ ስናገር እንዲህ ያለች ነገር ሰው ትወዳለች።”

“ትምህርት ቤቱ አናጢ ነበረው። ከእሱ ይዋስ ነበር” አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። የሐሙሱ ዝምታ ነው፣ ድንጋጤ ነው ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። ይህኛው ግን ዝምታ አይደለም። ነስሩን በራሱ ሥራ ውስጥ እርሳስ አዋሽ አድርጌ አስገባሁት። ውሸቱን ለመፈብረክ አፍታ እንኳ አልፈጀብኝም።

ነጠላዬን ለብሼ ወደ ቆሼ ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ነስሩ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ በዚያ መንገድ አንድ መንደር መግባቱን ሰምቼ ነበር። ልናዘዝ ነው የሄድኩት ብል ውሸት ይሆናል። ሞቶ እንደሆነ ላጣራ ነው የሄድኩት። መንገዱን ሁሉ ሞቶ ባገኘው እያልኩ ነበር።

አልሞተም። ግራር ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የእንጨት ገበታ ይጠርባል። ጢሙ ነጭ ሆኗል፤ ጣቶቹ ግን ያው ናቸው። አየኝና ወዲያው ዐወቀኝ።

“አሰላሙ አለይኩም። እትዬ ጥሩነሽ! አላህ ያሳይ፣ መዝገብ ቤቱ በእግሩ መጣ” ብሎ ሳቀ።

ከቤቱ በርጩማ አውጥቶ በእጅጌው ጠረገልኝ። ግቢ አላለኝም። አስቀምጦኝ እሱ አራት አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ። የቆመበት ርቀት ድሮ ከቢሮዬ በር እስከ ጠረጴዛዬ ያለው ነበር። ያን ርቀት ያስተማርነው እኛ ነን። ሌላም ነገር ያን ቀን ነው የገባኝ። እሱ እርስዎ ይለኛል፤ እኔ አንተ እለዋለሁ። በዕድሜ እሱ ይበልጠኛል።

ጤና፣ ልጅ፣ ዝናብ ተጠያየቅን። ከዚያ የመምህር ሰይፉ ወረቀት መገኘቱን ነገርኩት። መጥረቢያውን መሬት ላይ አኖረ።

“ሁሉም ገጽ?”

“ሁሉም። ነገ ወልቂጤ ሊጫወቱት ነው።”

እንዴት እንደጻፈው ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ቼሎው የት እንደሚገባ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ስህተት እንዳለበት፣ መምህር ከሞቱ በኋላ በሐሳቡ ሲያርመው እንደኖረ ነገረኝ። ዘመዶቻቸው ወረቀቱን በመጡበት ቀን ጭነው ስለወሰዱ ማረሚያ አላገኘም። አባቶቹ በለቅሶ ላይ ሲነፉ ትልቁ መለከት ቶሎ አይገባም፤ ትናንሾቹ ተናግረው እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ቼሎውም መጠበቅ ነበረበት። ይህን ሲነግረኝ እጁ አየር ላይ ይለካ ነበር። ስለ ስም አንድም ቃል አልጠየቀኝም።

“የማን ሥራ ነው እንደተባለ አትጠይቀኝም?”

“የመምህር ነዋ።”

“ሦስተኛው ክፍል የተፈራ ነው ተብሏል።”

“የትኛው ተፈራ? የእርስዎ ተፈራ?” አለና ፊቱ ፈገግ አለ። “አላህ ይማረው፣ ጥሩ ልጅ ነበር። ቫዮሊን ሲይዝ ግን የጥጃ አንገት ያነቀ ነበር የሚመስለው። ማነው እንደዚያ ያለው?”

“እኔ ነኝ።”

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። ቀስ እያለ ነው የሄደው።

“እጅህን ዐውቄዋለሁ” አልኩት። “መጀመሪያ ሳየው ነው ያወቅሁት። ፋይልህም ያን ጊዜ አልጠፋም። እኔ ነኝ የቆለፍኩበት።”

“አውቃለሁ” አለ።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከዚያው ቀን ጀምሮ። እርስዎ ዘንድ ወረቀት ጠፍቶ ያውቃል እንዴ፣ እትዬ ጥሩነሽ? ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነው።”

ሃያ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ቢሮዬ እየመጣ ብጣሽ ወረቀቱን ሰጥቶኛል። የገዛ ወንበሬን እግር ጠግኖልኛል። እያወቀ።

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ስናገረው ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ነስሩ ገበታውን አንሥቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

“ምን ልበልዎት? አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል አልገባ። ድርሰቱን የሚያጫውቱት ሰውዬ ስልክ አላቸው?”

ለኤርሚያስ ደወልኩ። ጽሑፉ የተፈራ አይደለም፣ የአናጢው የነስሩ ነው፣ ትናንትም አውቅ ነበር፣ ደብዳቤም ነበረኝ አልኩት። የፕሮግራሙ ወረቀት ታትሟል አለ። ቀጥሎም፣ መድረክ ላይ በመለየት ስህተት ተፈጥሯል ብሎ እሱ ሊያርመው እንደሚችል ነገረኝ። ዕድሜ ነው፣ ዓይን ነው፣ ሰው ይረዳል አለኝ። ልጁ ደግ ነው፤ መውጫ በር ከፈተልኝ።

“ስህተት አልነበረም” አልኩት። “እኔው እናገራለሁ። አሁን ባለቤቱን አነጋግር።”

ነስሩ ስልኩን ተቀበለኝ። መጀመሪያ ሰላምታውን አስረዘመ። ከዚያ ስለ ቼሎው አወሩ። አራት ምት፣ አይ አምስት፣ ሁለተኛው ቫዮሊን እስኪያርፍ፣ እያለ። ሁለት ባለሙያዎች ሲነጋገሩ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። እኔ ከአጥሩ ጋር ቆሜ ጨዋታው እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ያን ያህል የማላስፈልግበት ቦታ ቆሜ አላውቅም።

ቅዳሜ በተራራው መንገድ በአገና በኩል አድርጌ ወልቂጤ ገባሁ። ነስሩ ነጭ ቆብ አድርጎ ከልጁ ጋር መጥቷል። ፊት ለፊት ቦታ ተይዞለት ሳለ በሩ አጠገብ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እልፍነሽና ዘመዶቼ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። የወንድሜ ፎቶ ያለበትን ወረቀት ሁሉም ይዘዋል። ከዚያ በፊት ለእልፍነሽ ልነግራት ይገባ ነበር። ደፍሬ አልነገርኳትም፤ ይህም ይጻፍብኝ።

ኤርሚያስ ስሜን ጠራ። ወጥቼ የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው። “በያዛችሁት ወረቀት ላይ ያለው ወንድሜ ይህን ሥራ አልሠራም። የሠራው ነስሩ ነው፤ እዚያ በሩ ጋ ተቀምጧል። አሥራ አንደኛ ክፍል እንዳይገባ ፋይሉን የደበቅሁት እኔ ነኝ፤ ሐሙስ ዕለት ስሙን የደበቅሁትም እኔው ነኝ።”

ማንም አላጨበጨበም። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ኤርሚያስ ሄዶ ነስሩን በክንዱ ይዞ ወደ ፊት አመጣው። በዚያው መሐል እልፍነሽ ተነሣች። በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች።

“ሞቶም አላረፈ። ወንድማችንን አዋረድሽው” አለችኝ።

እሷን ተከትለው ዘመዶቼ ወጡ። አልፈረድኩባትም። ተፈራ ምንም ሳያጠፋ በሰው ፊት የተገፈፈው በእኔ ነው።

ሙዚቃው ተጀመረ። ስለ ሙዚቃ የምለው የለኝም፤ አልተማርኩም። ሦስተኛው ክፍል ሲደርስ ግን አባቴ የተቀበረበት ቀን መጣብኝ። የነስሩ ወገኖች ከአጥር ውጭ ቆመው መለከት ሲነፉልን ነበር። ለቅሶአችንን ያለቀሱልን እነሱ ናቸው፤ እኛ ደግሞ ድንኳን ውስጥ አላስገባናቸውም። መጨረሻው ላይ ቼሎው ጠበቀ። ነስሩ በሁለት ጣቱ ጉልበቱ ላይ ይቆጥር ነበር። ሲያልቅ አላለቀሰም፣ አልሳቀም። ወደ ተጫዋቾቹ ሄዶ የቼሎውን አንገት በመዳፉ ዳሰሰ፤ የእንጨቱን ዓይነት ጠየቀ።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆነው። እልፍነሽ እስካሁን ስልኬን አታነሣም። የነስሩ ስም አሁን በድርሰቱ ላይ አለ። አልፎ አልፎ መንገድ ላይ እንገናኛለን፤ ሰላም ይለኛል፣ ጤናዬን ይጠይቃል። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅሁትም፤ መልስ ማስገደድ ይሆናል።

ይህን ታሪክ የሰሙ አንዳንድ ሰዎች በዚያ ዕድሜዋ ቆማ እውነቱን ተናገረች እያሉ ያመሰግኑኛል። እናንተ አንባቢዎች እንደዚያ እንዳትሉኝ ነው የምጽፈው። የተናገርኩት የሚያውቅ ሰው በሕይወት ስላገኘሁ ነው። ሞቶ ባገኘው ኖሮ ወደ ቤቴ ተመልሼ ቅዳሜ ከዘመዶቼ ጋር እቀመጥ ነበር። ራሴን አውቃለሁ። በሥራ ላይ የታዘዘውን ብቻ ያደረገ ሰው ንጹሕ ነው ብዬ አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። ዳይሬክተሩ ግን ቁልፉን አልነካም። ቁልፉ የነበረው በእኔ ኪስ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጡረታ ስወጣ ከዚያ መሳቢያ ያወጣሁት የነስሩን ፋይል ብቻ አልነበረም። ሌሎች ሦስት ነበሩ፤ በተለያየ ዓመት፣ በተለያየ ምክንያት፣ ጠፍቷል ያልኳቸው። ከወልቂጤ ከተመለስኩ በኋላ ፍለጋ ጀመርኩ። አንዱ ሞቷል፤ ፋይሉን ለሴት ልጁ ሰጠኋት፤ ተቀብላኝ በሩን ዘጋች። ሁለተኛዋን ጉብሬ አገኘኋት፤ ሱቅ አላት፤ ቁጭ ብዬ የምትለኝን ሁሉ ሰማሁ። ሦስተኛዋን አላገኘሁም። ዘርፌ ትባላለች፤ ከአገና መጥታ ቡታጅራ አክስቷ ዘንድ ትኖር የነበረች፣ ዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ናት። ዛሬ እሷም አሮጊት ሆናለች። የምታውቋት ካላችሁ ይህን ንገሩልኝ። ፋይሏ አልጠፋም። ውጤቷም በጣም ጥሩ ነበር።